የድሬዳዋ ዛፍ ዘር ውኃን የሚከለክለው በምኑ ነው?

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሳይንስ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ግቢ ካለው የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ከተማሪዎቼ ጋር ዘር ለቅመን 60 ፍሬ ዘፈዘፍን። በሦስተኛው ቀን ያበጡት 7 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እንደ ጠጠር ናቸው። ጎን ለጎን የዘፈዘፍነው ቦሎቄ ግን በአንድ ሌሊት ረሰረሰ። ተማሪዎቹ ‹ቆዳው ስለወፈረ ነው?› ብለው ጠየቁኝ፤ አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ጥፋቱ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ የሚያደርገው የከተማችን ውኃ ነው ይላል። የዘሩ ሽፋን ከምን ቢሠራ ነው ውኃ የማያስገባው? እነዚህን 53 ዘሮችስ ምን ላድርጋቸው?»

መልስ፦

መምህር፣ በመጀመሪያ 53ቱን ዘሮች እንዳይጥሏቸው አደራ እላለሁ። አልሞቱም፤ አልተበላሹም። እንዲያውም ሁለቱን ክምር ፊቴ አስቀምጠው «ጤነኛው የትኛው ነው?» ቢሉኝ ያለ ማመንታት ወደ 53ቱ አመለክታለሁ። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ለተማሪዎችዎ ጥያቄ መልሱ «አይደለም» ነው። ውኃውን ያገደው ውፍረት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ውፍረት ነው ብዬ አምን ስለነበረ ነው። ሐረር አጠገብ በሚገኝ አንድ ችግኝ ጣቢያ የሁመር ዛፍ ዘር ለማብቀል ስንጥር «ቆዳው ወፍራም ነውና ረዘም ላለ ጊዜ ይቀቀል» ብለን ድስቱን እሳት ላይ ተውነው። ዘሩ አበጠ፤ ተሳካልን ብለን ደስ አለን። አፈር ውስጥ ከገባው ግን አንድም ፍሬ ብቅ አላለም። ሽሉ በስሎ ነበር። ያንን ክረምት ችግኝ ሊወስዱ የመጡ ገበሬዎችን ባዶ እጃቸውን መሸኘት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የዘር ሽፋንን ነገር ጠለቅ ብዬ ማጥናት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ኬሻና አንድ ፌስታል ክፍል ውስጥ ይዘው ይግቡ። ኬሻው ከፌስታሉ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። በሁለቱም ውኃ ይጨምሩባቸው። ኬሻው ወዲያው ያፈስሳል፤ ስሱ ፌስታል ይይዛል። አሁን ፌስታሉን በመርፌ አንድ ጊዜ ይውጉት። ተማሪዎችዎ ስለ ዘር ሽፋን ማወቅ ያለባቸው ሦስት ነገር እዚያው ፊታቸው ነው፦ ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል እንደወፈረ፣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ ያለው መሆን አለመሆኑ። ከሦስቱ ትንሹን ሥራ የሚሠራው ውፍረቱ ነው።

እስቲ ሽፋኑን ከውጭ ወደ ውስጥ እንየው። የድሬዳዋ ዛፍ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፤ ከቦሎቄ፣ ከአተር፣ ከግራርና ከሁመር ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመደባል። ስለዚህ የሽፋናቸው ንድፍ ይመሳሰላል። በስተውጭ በዓይን የማይለይ፣ እጅግ ስስ የሆነ ኩቲክል የሚባል ንብርብር አለ። ይህ የተሠራው ከኩቲን ነው፤ ኩቲን ማለት እርስ በርሳቸው ተያይዘው መረብ የሆኑ የቅባት አሲዶች ናቸው፤ ሰምም ይጨመርበታል። ከእሱ ሥር እንደ ሸምበቆ አጥር ቀጥ ብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ ረጃጅም ሕዋሳት አሉ። በአስራ ሰባተኛው መቶ ዘመን በማይክሮስኮፕ ዕፅዋትን ባጠናው ጣሊያናዊ ሐኪም በማርቼሎ ማልፒጊ ስም ይጠራሉ። ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ በመካከላቸው ክፍተት የለም ማለት ይቻላል። ሽፋኑ ተሰንጥቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በእነዚህ ሕዋሳት አናት አካባቢ አግድም የሚያልፍ ደማቅ መስመር ይታያል፤ «የብርሃን መስመር» ይባላል፤ የሕዋሳቱ ግድግዳ አሠራር እዚያ ላይ ስለሚለወጥ ብርሃንን በተለየ መንገድ ይመልሳል። ከአጥሩ በታች ወገባቸው የቀጠነ፣ በመካከላቸው አየር ያለባቸው ሕዋሳት ይደረደራሉ፤ ከእነሱም በታች ዘሩ ሲያድግ የተጨፈለቁ ለስላሳ ሕዋሳት ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የዚህ ሽፋን አብዛኛው ክብደት ውኃን የሚወድ ነገር ነው። ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ፔክቲን የሕዋሳቱ ግድግዳ ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው፤ ሦስቱም ውኃ ሲያገኙ ይስባሉ፣ ያብጣሉ። ሽፋኑ ከእነሱ ብቻ ቢሠራ ኖሮ በወፈረ ቁጥር ውኃ የሚጠጣ ስፖንጅ ይሆን ነበር። ተልባን ያስቡ። በጾም ወራት ተልባ የሚዘፈዝፍ ሁሉ ያንን ዝልግልግ ነገር ያውቀዋል። እሱ የሚወጣው ከዘሩ ሽፋን የመጨረሻ የውጭ ሕዋሳት ነው፤ እነዚያ ሕዋሳት ውኃ ሲነካቸው በሚያብጥ የስኳር ሰንሰለት የተሞሉ ናቸው። የተልባ ሽፋን ውኃን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ የድሬዳዋ ዛፍ ሽፋን ይመልሳል። የሁለቱ ልዩነት የውጭኛው ንብርብር ከምን እንደተሠራ ነው።

ታዲያ የሚመልሰው ምኑ ነው? በዚህ ላይ በጣም የምወደው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2007 በካናዳ ተመራማሪዎች በአኩሪ አተር ላይ የተሠራው ነው። አኩሪ አተር ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ በአንድ ሌሊት ይረሰርሳል፣ ሌላው ለቀናት ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ጠጠር እንደሆነ ይቀራል፣ የሁለቱ ሽፋን አሠራር ግን በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት ነው። ተመራማሪዎቹ የኩቲክሉን ገጽ አጉልተው ሲያዩ ውኃ በሚያስገቡት ዘሮች ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች አገኙ፤ በጠንካሮቹ ላይ አልነበሩም። ውኃው በመጀመሪያ የሚገባው ብዙዎቻችን እንደምንገምተው በእምብርቱ፣ ማለትም ዘሩ ከፍሬው ጋር ተያይዞ በነበረበት ጠባሳ፣ በኩል አይደለም፤ ስንጥቆቹ በሚበዙበት በእምብርቱ ተቃራኒ ወገን ነው። እርስዎም አኩሪ አተር ዘፍዝፈው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቢያዩ ገለፈቱ መጀመሪያ የሚሸበሸበው በጀርባው በኩል መሆኑን ያስተውላሉ።

ቀጥለው የሽፋኑን ኬሚስትሪ መረመሩ። ክሎሮፎርም በሚባለው ፈሳሽ የላይኛውን ሰም አጥበው አነሡ፤ ጠንካራው ዘር ጠንካራ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ዋናው በረኛ ሰሙ አይደለም። የኩቲኑን መጠን ለኩ፤ ብዙ ኩቲን ያለው ሁልጊዜ ጠንካራ፣ ጥቂት ያለው ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ዘሮቹን የቅባት አሲዶችን ትስስር በሚበጥስ ትኩስ አልካሊ አከሙ። ያን ጊዜ ጠንካራው ዘር ውኃ አስገባ፤ ከሽፋኑም ከሌሎቹ ይልቅ የተወሰኑ የቅባት አሲድ ዓይነቶች በብዛት ወጡ። እኔ ከዚህ የምረዳው ውኃን የሚያግደው የመረቡ አያያዝና አለመበጠሱ መሆኑን ነው። ሰም ቢቀባ፣ ኩቲን ቢከመር፣ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ካለበት ሁሉም ከንቱ ነው።

የዘር ሽፋን ጠንካራነት በውርስ የሚተላለፍ መሆኑም ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአኩሪ አተር ላይ የታወቁ ሁለት ጂኖች አሉ። አንደኛው ከሽፋኑ የካልሲየም መጠን ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሕዋስ ግድግዳ ሰንሰለቶችን የሚቆርጥ ኢንዛይም የሚሠራ ሲሆን የአጥር ሕዋሳቱን የውጭ ጫፍ አሠራር ይለውጣል። በቀጣዩ ዓመት በሌላ የጥራጥሬ ዘመድ ላይ የኩቲክሉን የቅባት ሥራ የሚያዝ ጂን ሲበላሽ ዘሩ በሙሉ ውኃ የሚያስገባ ሆኖ ተገኘ። በሦስቱም ላይ ዘሩ ከጠጠርነት ወደ ለስላሳነት የተሻገረው በአንድ ጂን መለወጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ የርስዎ ዘር ቡናማ ዥንጉርጉር ነውና። በአተር፣ በባቄላና በቦሎቄ ዘንድ ነጭ ገለፈት ያላቸው ዝርያዎች ብዙ ጊዜ ቀለም ካላቸው ይልቅ ቶሎ ውኃ ይጠጣሉ። ቀለሙን የሚሰጡት ፌኖሎች የሚባሉ የዕፅዋት ኬሚካሎች ናቸው፤ ታኒን አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ማርባክና ማየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በዱር አተር ላይ ያደረጉት ሙከራ ነገሩን በግልጽ ያሳያል። የዱር አተሩን ዘር ገና እርጥብ ሳለ ኦክስጅን በሌለበት አደረቁት፤ ውኃ የሚያስገባ ሆኖ ቀረ። ተመሳሳዩን ዘር ኦክስጅን ባለበት ሲያደርቁት ጠጠር ሆነ። በሽፋኑ ውስጥ ብዙ ፌኖልና ፌኖልን ከኦክስጅን ጋር የሚያገናኝ ኢንዛይም ነበረ። ከከፊራ ገበያ አቮካዶ ገዝተው ቆርጠው ቢያስቀምጡት ፊቱ የሚጠቁረው በዚሁ ዓይነት ኢንዛይም ነው። በዘሩ ላይ ግን ውጤቱ ከመጥቆር ይሻገራል፤ የተለወጡት ፌኖሎች ከፕሮቲንና ከግድግዳው ሰንሰለቶች ጋር ተጣብቀው ውኃ ወዳዱን ግድግዳ ውኃ ጠል ያደርጉታል። ቆዳ ፋቂ የከብት ቆዳን በታኒን ሲያለፋ ከሚሆነው ጋር ይቀራረባል።

ነገር ግን «ጥቁርና ቀይ ዘር ሁሉ ውኃ አያስገባም» የሚል ሕግ እንዳያስተምሩ እሰጋለሁ። ምስክሬ የባቢሌ ኦቾሎኒ ነው። ቀዩ ስስ ገለፈቱ በታኒን የተሞላ ነው፤ አፍን የሚያኮማትረውም እሱ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ወዲያው ይረሰርሳል። ለምን? ያ ተጠጋግቶ የቆመ የሕዋሳት አጥር የለውም፤ ገለፈቱ እንደ ወረቀት ነው፤ በጣትም ይላጣል። ታኒን ብቻውን አጥር አይሆንም። አጥሩ፣ በአጥሩ ውስጥ የሰረጉት ፌኖሎችና ከላይ ያልተሰነጠቀው የቅባት መረብ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ዘር ጠጠር የሚሆነው።

እዚህ ላይ የከተማችሁ አየር ይመጣል። ዘር በእናት ዛፉ ላይ ሳለ ገና ሲለመልም ሽፋኑ ውኃ ያሳልፋል። ጠጠር የሚሆነው በመጨረሻው የመድረቅ ወቅት ነው፤ ሕዋሳቱ ተጨማደው ይጠጋጋሉ፣ ፌኖሎቹ ከኦክስጅን ጋር ይገናኛሉ። የድሬዳዋ ዛፍ ጎራዴ የሚመስሉ ረጃጅም ፍሬዎቹን ለወራት ተሸክሞ በዚያ በሚያቃጥል ደረቅ አየር ውስጥ ይቆማል። ይህ ዘርን ለማጠንከር የተመቸ ሁኔታ ነው። ያው ዝርያ እርጥበት በበዛበት አገር ቢበስል የጠንካራ ዘሮቹ ድርሻ ዝቅ ሊል ይችላል።

ስለ መድረቅ ካነሣሁ የእምብርቱን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እምብርቱ ዘሩ ከፍሬው ግድግዳ ጋር ተያይዞ ይመገብበት የነበረው ያ ጠባሳ ነው። ሃይድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጥናት ክሎቨርና ሉፒን በተባሉ የጥራጥሬ ዘመዶች ዘሮች ላይ እምብርቱ እንደ በር እንደሚሠራ አሳየ። የዘሩ እርጥበት ወደ 14 በመቶ ሲወርድ የቀረው ሽፋን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ያለው አየር ሲደርቅ በእምብርቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ይከፈታል፤ ከውስጥ እርጥበት ይወጣል። አየሩ ሲረጥብ ስንጥቁ ይዘጋል፤ እርጥበት አይገባም። መውጣት ይፈቀዳል፣ መግባት ይከለከላል። ስለዚህ ዘሩ ካየው ደረቅ ቀን ሁሉ በጣም የደረቀውን ያህል ይደርቃል፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ይህ በር በሁሉም የጥራጥሬ ዘመዶች ላይ እንዲሁ ነው ለማለት አልደፍርም፤ በነዚያ ዕፅዋት ላይ ግን በሚገባ ታይቷል። ያለ አንጎል፣ ያለ ጡንቻ፣ በሁለት የሕዋስ ንብርብሮች እኩል ያልሆነ መኮማተር ብቻ የሚሠራ በር! ለተማሪዎችዎ ይህን ሲነግሩ ጊዜ ወስደው ይንገሯቸው።

ቦሎቄውስ ለምን በአንድ ሌሊት ረሰረሰ? ሰው ስለመረጠው ነው። የዱር ቦሎቄ ዘሩ ጠጠር ነው። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ገበሬዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲዘሩት፣ ዝናብ እንደነካው የበቀለው ብቻ ተሰብስቦ ለከርሞ ዘር ሆነ፤ መሬት ውስጥ ተኝቶ የቀረው ከገበሬው እጅ ወጣ። ድስት ላይ ቶሎ የበሰለውም ተወደደ። የሐረርጌ ገበሬ ዛሬ ከማሽላውና ከበቆሎው መካከል የሚዘራው ቦሎቄ የዚያ ሁሉ ምርጫ ልጅ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ግን ከማዳጋስካር የመጣው ለአበባውና ለጥላው ነው፤ ዘሩ ቶሎ እንዲረሰርስ የመረጠ ሰው የለም። ለዱር ዛፍ ደግሞ ጠጠር መሆን ይበጃል። በመጀመሪያው ካፊያ ዘሩ ሁሉ ቢበቅልና ዝናቡ ቢቀር የዓመቱ ልፋት በአንድ ሳምንት ያልቃል። ጥቂቱ ዛሬ፣ ጥቂቱ በሚመጣው ዓመት፣ ሌላው ከዚያም በኋላ ሲበቅል ዘሩ አይጠፋም።

አሁን ቃል ወደ ገባሁት ወደ 7ቱ ልመለስ። አንዱን ዛፍ አንዱ ፀሐይ ቢመታውም ዘሮቹ እኩል አይደሉም። ያበጡት 7ቱ ምናልባት ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ የወደቁ፣ መሬት ላይ ከድንጋይ ጋር የተፋተጉ፣ ወይም የቀን ሐሩርና የሌሊት ቅዝቃዜ ያሰነጠቃቸው ናቸው፤ እነዚህ ደህና ናቸው። ሌላ የማይወደድ ምክንያት ግን አለ፤ ነቀዝ። ነቀዝ የገባበት ዘር ቀዳዳ ስላለው ከሁሉ ቀድሞ ያብጣል፤ ውስጡ ግን የተበላ ነው። ስለዚህ ሰባቱን አንድ በአንድ አገላብጠው ይዩ። ትንሽ ክብ ቀዳዳ ካለባቸው ብዙ ተስፋ አያድርጉባቸው። በ53ቱ ላይ ያለኝ እምነት ከዚህ የመጣ ነው፤ ውኃ ያልገባበት ሽፋን ነቀዝም ሻጋታም አልገባበትም።

የባልደረባዎ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ ቦታው ላይ ግን አልዋለም። የድሬዳዋ ውኃ ከኖራ ድንጋይ መካከል ስለሚወጣ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለውም ያው የኖራ ድንጋይ ስላለ ነው። ነገር ግን የዝናብ ውኃ አጠራቅመው ቢዘፈዝፉትም ያልተሰነጠቀው ኩቲክል አያሳልፈውም። የከተማው ውኃ ጉዳት የሚታየው ውኃው ከገባ በኋላ፣ ድስት ላይ ነው። ቦሎቄ የሚላላው በሕዋሳቱ መካከል እንደ ሙጫ ሆኖ የያዛቸው ፔክቲን በሙቀት ሲሟሟ ነው። ካልሲየም ፔክቲንን እርስ በርሱ ስለሚያጣብቀው መሟሟቱን ያዘገየዋል። ሙቀትና እርጥበት በበዛበት መጋዘን ለብዙ ወራት የቆየ ቦሎቄም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል፤ ውኃ ጠጥቶ አብጦ ሳለ አልበስል ይላል። ይህን ከዘርዎ ጠጠርነት ጋር አያደባልቁት፤ አንዱ የሽፋን ነገር ነው፣ ሌላው የፍሬው ውስጥ ነገር። ለቤትዎ ድስት የሚረዳው ቦሎቄውን ጥቂት ጨው በተጨመረበት ውኃ ማሳደር ነው፤ ሶዲየሙ የካልሲየሙን ቦታ በከፊል ይወስድበታል።

እናቶቻችን ይህን ሁሉ ሳይማሩ በእጃቸው ያውቁታል። አሹቅ ሲሠሩ ባቄላውን አስቀድመው ይቆላሉ፤ ገለፈቱ በደረቅ ሙቀት ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘፈዘፈው። ጎንቆል ሲፈልጉ ግን አይቆሉም፤ ሽሉ በሕይወት እንዲኖር ይዘፈዝፉና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያቆዩታል። በልጅነቴ ሐረር ጁገል ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲዘጋጁ አይቻለሁ፤ ሽፋኑን የመስበርና ሽሉን የማዳን ልዩነት እዚያ ሙሉ ነበረ። እኛ የሁመሩን ዘር ስንቀቅል የረሳነው ይህንን ነው።

ለ53ቱ የምመክረው መጫር ነው። አንድ ዘር ይያዙና እምብርቱ በየት ጫፍ እንዳለ ይለዩ፤ ሥር የሚያወጣው ክፍል በዚያ አቅጣጫ ስለሚገኝ እሱን አይንኩ። በተቃራኒው ጫፍ ወይም በጎኑ በኩል በብርጭቆ ወረቀት፣ በሞረድ ወይም በጥፍር መቁረጫ ቡናማው አልቆ ፈዘዝ ያለ ቀለም እስኪታይ ብቻ ይፋቁ። ከዚያ አይለፉ። የምስር ፍሬ ግማሽ የምታህል ቦታ ትበቃለች። ፌስታሉን አንድ ጊዜ በመርፌ እንደ መውጋት ነው፤ ዙሪያውን መፋቅ ምንም አይጨምርም። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ሲዘፈዝፏቸው በማግስቱ አብዛኞቹ አብጠው ያገኟቸዋል።

ዘሩ በመቶዎች የሚቆጠር ቢሆን ኖሮ የፈላ ውኃ እመርጥ ነበር። ውኃው ይፈላል፤ ድስቱ ከእሳት ይወርዳል፤ ዘሩ ይጨመራል፤ ውኃው ከዘሩ አሥር እጥፍ ያህል ይሁን፤ በራሱ ጊዜ እየቀዘቀዘ ያድራል። ቁልፉ ድስቱ ከእሳት መውረዱ ነው። ድንገተኛው ሙቀት እምብርቱ አካባቢ ያለውን ደካማ ቦታ ይሰነጥቀዋል፤ ውኃው ደግሞ ሽሉን ሳያበስል ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃዋ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐረር ላይ፣ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋው ከፍታ፣ 94 ገደማ ነው። ልዩነቱ ለዘሩ ችግር አይፈጥርም፤ ለክፍል ትምህርት ግን ጥሩ ነው። በመጻሕፍት ላይ የሚያነቡትን የሰልፈሪክ አሲድ ዘዴ ከልጆች ጋር ፈጽሞ አይሞክሩት። አሲድ ሽፋኑን በእርግጥ ያበላሻል፤ የፍየል ሆድም የግራርንና ፕሮሶፒስ የተባለውን መጤ እሾኻማ ዛፍ ዘር በዚሁ መንገድ ያዘጋጃል። ፕሮሶፒስ በአፋርና በድሬዳዋ ዙሪያ እንዲህ የተስፋፋው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከብቶች ጣፋጩን ፍሬ ይበላሉ፣ ዘሩን ከነፋንድያው ሩቅ አገር ያደርሳሉ።

ከተማሪዎቹ ጋር ለመሥራት ከወደዱ 53ቱን ከመጫርዎ በፊት ይከፋፍሏቸው። አሥሩን እንዳሉ ይተዉ። አሥሩን በጎናቸው ይጫሩ። ሌሎች አሥሩን በተመሳሳይ ቦታ ከጫሩ በኋላ የጫሩትን ቦታ በጥፍር ቀለም ደፍነው ያድርቁ። ሦስቱንም ክምር ለየብቻ ዘፍዝፈው በየሁለት ሰዓቱ አውጥተው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ይመዝኑ። አንድ ዘር ግማሽ ግራም እንኳ ስለማይሞላ አንድ በአንድ ሳይሆን አሥሩን አንድ ላይ ይመዝኗቸው። የተጫሩት ክብደታቸው እያደገ ይሄዳል፤ የተደፈኑት እንደ መጀመሪያዎቹ ባሉበት ይቆማሉ። ሽፋኑ በሁለቱም ላይ እኩል ወፍራም ነው፤ ልዩነቱ የጥፍር ቀለሟ ጠብታ ብቻ ናት። ተማሪዎችዎ ለጠየቁት ጥያቄ ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይልቅ ይህ ሚዛን ይመልስላቸዋል።

ያበጡትን አያቆዩ፤ በዚያው ቀን አፈር በተሞላ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ይትከሏቸው፤ ቀን ጥላ ያድርጉላቸው። ችግኞቹ ሲደርሱ ከክፍሎቹ ግድግዳና ከውኃ ቧንቧው ራቅ አድርገው ይትከሏቸው፤ የዚህ ዛፍ ሥር ወደ ጎን በሰፊው ይዘረጋል፣ አጥርም ወለልም ያነሣል። እንዳሉ ከተዋቸው አሥሩ ዘሮች መካከል ደግሞ አምስቱን በግቢው ጥግ፣ ማንም በማይቆፍርበት ቦታ ቀብረው ቀኑን ጽፈው ምልክት ይትከሉበት። በየክረምቱ መጨረሻ የተማሪዎች ቡድን እየሄደ ይይ፤ የበቀለ ካለ ይመዝግብ። ከአምስቱ አንዱ ዛሬ ያሉት ልጆች ትምህርት ቤቱን ለቀው ከሄዱ በኋላ ቢበቅል አልገረምም፤ መዝገቡን ለሚተካዎት መምህር ያስረክቡ።